ወገቧን የያዛት ብርድ አይደለም

እናቴ ያሳደገችን ከየካ ተራራ እንጨት እየተሸከመች ነው። ወገቧ እንቅልፍ ሲነሳት ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ነበር፤ «ብርድ ነው፣ ነጭ ሽንኩርት ብዪ፣ በቅቤ ታሺ» ይላታል። አንድ ክሊኒክ ደግሞ ራጅ አንስቶ «አጥንትሽ ደህና ነው፣ ምንም የለብሽም» ብሎ ሸኛት። ያቺ «ምንም የለብሽም» እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች።

ራጅ የሚያሳየው አጥንት ነው። ጡንቻን የሚሸፍነውንና ከጎረቤቱ ጋር የሚያያይዘውን፣ ባለሙያዎች ፋሺያ የሚሉትን ስስ ሽፋን አያሳይም። ለጥብስ ሥጋ የከተፈ ሰው ያውቀዋል፤ ለቢላዋ አልበገር የሚለው ያ ነጭ ነገር ነው። ወገባችን ላይ ድርብ ድርብ ሆኖ ተነጥፏል። ጎንበስ ቀና ስንል አንዱ ድርብ በሌላው ላይ ይንሸራተታል፤ ሕመምን ለአንጎል የሚያደርሱ ነርቮችም አሉበት። በ2011 እ.ኤ.አ. ሔለን ላንዥቪን የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በአልትራሳውንድ ሲያዩት፣ ወገባቸውን ለረጅም ጊዜ በታመሙ ሰዎች ላይ ይህ መንሸራተት ከጤነኞቹ 20 በመቶ ያህል ቀንሶ አገኙት። ሕመሙ ነው መንሸራተቱን የቀነሰው ወይስ የመንሸራተቱ መቀነስ ሕመሙን አመጣው? ጥናቱ ይህን አልለየም። ራጁ ንጹሕ ስለሆነ ብቻ አንዲትን ሴት «አላመመሽም» ማለት ግን ከእንግዲህ ነውር ነው።

እስቲ ከእንጦጦ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በሚወርደው መንገድ ዳር ቁሙ፤ እንጨት ተሸካሚ ሴት ትወርዳለች። ከቁመቷ የሚረዝም የባሕር ዛፍ ጭራሮ ጀርባዋ ላይ አግድም ተጭኗል፤ ገመዱ በትከሻዋ ዞሮ ደረቷን ሰንጎ ይዟል፤ ሁለት እጇ ገመዱን ጨብጧል። ፊቷ መሬት መሬት ያያል፤ መኪና ሲመጣ አንገቷን ብቻ ቀና ታደርጋለች። ሲደክማት ሸክሙን አታወርደውም፤ ካወረደችው ማን ያሸክማታል? በመንገዱ ጠርዝ ባለው የአፈር ቁልል ላይ ሸክሟን አስደግፋ ትተነፍሳለች፣ ከዚያ እንደገና ቁልቁለቱን። ብዙ ጊዜ ሸክሟ ከራሷ ክብደት ግማሽ ይበልጣል።

በዚያው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ተራራ ሯጮቻችን ይለማመዳሉ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴም እዚያ ሮጧል፤ እሰየው፣ ኩራታችን ናቸው። ሯጩ ማሳጅ አለው፣ የእረፍት ቀን አለው፣ ጅማቱ ሲይዘው ባለሙያ ይጠራለታል። ለእሱ «ብርድ ነው» የሚል የለም። አንድ ዳገት ላይ የሚተላለፉ ሁለት ሰውነቶች ናቸው፤ የአንዱ ሕመም ሕመም፣ የሌላዋ ሕመም ደግሞ ዕድል ተብሏል። አዋጁም ቢሆን ለእሷ አልተጻፈም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚጠብቀው ተቀጣሪን ነው፤ እሷ አሠሪ የላትም፣ ስለዚህ ወገቧ ቢሰበር የሥራ ላይ ጉዳት ብሎ የሚመዘግብላት የለም።

«ፋሺያ እናፍታታለን» እያሉ ዋጋ የሚቆልሉትንም አልምርም። እጅ ያሳርፋል፤ የወጌሻ እጅ ስንቱን እንዳሳረፈ አውቃለሁ። ግን ዛሬ የታሸ ጀርባ ነገ ያንኑ ሸክም ካነሳ መታሸቱ ምን ፈየደለት? በሽታው ሸክሙ ነው! የሚቀንሰውም ጋሪ፣ አህያ፣ ለኑሮ የሚበቃ ሌላ ሥራ ነው። ምጣዳችንን እንጨት ተሸካሚዋ ባመጣችው ጭራሮ አንድደን እንጀራችንን የበላን ሁሉ ዕዳ አለብን።

የየካ ጤና ጣቢያዎች ሐኪሞችና ነርሶች፣ እናንተን እለምናለሁ። ወገቧን ይዛ የመጣችውን ሴት በራጅ ብቻ አትሸኟት። ጀርባዋን በእጃችሁ ዳስሱት። ስንት ኪሎ እንደምትሸከም፣ ከየት እስከ የት፣ ስንት ዓመት እንደሆናት ጠይቋት፤ የምትመልስላችሁንም ካርዷ ላይ ጻፉት።