ሱሱና የአእምሮ ቁስሉ አብረው ይታከሙ

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ ከ80 ሺህ በላይ ሰዎች እንደ ፈንታኒልና ሄሮይን ባሉ የኦፒዮይድ ዕጾች ሞተዋል። በእነዚህ ዕጾች ሱስ ከተያዙት ብዙዎቹ ጦርነት፣ የልጅነት ጥቃት ወይም መደፈር የደረሰባቸው ናቸው። ዕጹ ቅዠታቸውንና ድንጋጤያቸውን ለጊዜው ያደነዝዛል፤ ኃይሉ ሲያልቅ ግን ፍርሃቱ ብሶ ይመለሳል።

«መጀመሪያ ሱሱን ተው፣ ስለ ጭንቀትህ ኋላ እንነጋገራለን» የሚለው አሠራር ታካሚውን በጭንቅ ሰዓቱ ብቻውን ይተወዋል። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ሊሳ ናጃቪትስ ያዘጋጀችው «ሲኪንግ ሴፍቲ» የተሰኘ ዘዴ ሁለቱን ችግሮች አብሮ ያክማል። ታካሚው የደረሰበትን በዝርዝር እንዲተርክ ሳያስገድድ፣ ራሱን ማረጋጋትንና እርዳታ መጠየቅን ያስተምረዋል።

የኦፒዮይድ ሱስን ለማከም የሚሰጡት ሜታዶንና ቡፕረኖርፊንም ሕይወት አዳኝ መድኃኒቶች ናቸው። «አንዱን ሱስ በሌላ መተካት ነው» እያሉ ታካሚውን እንዲያቋርጥ መገፋፋት ለሞት ያጋልጠዋል፤ ሰውነቱ ዕጹን የመቋቋም አቅሙን ካጣ በኋላ ወደ ቀድሞው መጠን ቢመለስ ሊገድለው ይችላልና።

ስለዚህ ክሊኒኮች መድኃኒቱንና የምክር አገልግሎቱን በአንድ ጣሪያ ሥር ይስጡ። ለቤተሰብም ከመጠን በላይ የተወሰደን ኦፒዮይድ የሚያከሽፈውን ናሎክሶንን ከነአጠቃቀሙ ያድሉ። በአሜሪካ የምንኖር ኢትዮጵያውያንም ጦርነትና ስደት ያቆሰላቸው ወገኖች አሉን፤ በሱስ ሲያዙ ከመሸሸግና ከመውቀስ ይልቅ ወደ ሕክምና እናድርሳቸው።