አምስት ሴንቲሜትር ለመስቀል

«ዘንድሮ ቆርጫለሁ፤ አምስት ሴንቲሜትር አስነሳታለሁ» አለኝ ወዳጄ፣ ስኳሩን ማኪያቶው ውስጥ እያማሰለ።

«ማንን?»

«ራቭፎሯን ነዋ! ስፔሰር ላስገባላት ነው። ቶርኖ ቤቱንም አነጋግሬያለሁ።»

በዚህ ጉዳይ ያለኝን አቋም ስለሚያውቅ ነው ገና ከመጀመሩ «ቆርጫለሁ» ያለው። እኔ የምለው አጭር ነው። ኦል ዊል ድራይቭ ክሮስኦቨር ከፍ ስላለች ብቻ ላንድክሩዘር አትሆንም። ቁመት ይገዛል፤ ቁመቱን የሚሸከሙት ሴሚያሱ፣ ሞላውና ሾክ አብዞርበሩ ግን ያው የድሮዎቹ ናቸው፤ ዕዳው የሚያርፈውም እነሱ ላይ ነው።

«እኔ መቼ ላንድክሩዘር ትሁንልኝ አልኩ? እናቴ ቤት ሆዷ ሳይላጥ ትድረስልኝ ነው ያልኩት።»

እናቱ ያሉት ከእምድብር ገባ ብሎ ነው። በመስቀል ሰሞን ማን ወዴት እንደሚጓዝ ለአዲስ አበባ ሰው አይነገርም። ወልቂጤ ድረስ ያለው 150 ምናምን ኪሎ ሜትር አስፋልት ስለሆነ እሱ ላይ ጠብ የለንም። የመንደሩ ሰፊ ጎዳና፣ ጀፎረው ላይ ከደረሰ በኋላም ለጥ ያለ ሣር ነው። ጣጣው በመካከል ያለችው ቁራጭ መንገድ ናት። ክረምቱን ሙሉ አይሱዙ ሲመላለስበት የከረመ ጭቃ፣ የመስከረም ፀሐይ ሲመታው ግራና ቀኝ እንደ ቦይ ተቦርቡሮ ይደርቃል። መሃሉ ላይ ያለው ጉብታ ግን የነካው ስለሌለ እንደቆመ ነው። አይሱዙው ጉብታ መኖሩንም ሳያውቅ ያልፋል። ራቭፎሯ ጎማዋ ቦዩ ውስጥ ሲገባ ሆዷ ጉብታው ላይ ይቀመጣል።

«ሆዷ ከተቀመጠ ደግሞ አራቱም ጎማ ቢሽከረከር ዋጋ የለውም» አልኩት፣ ኦል ዊል ድራይቭነቷን ላጣጥልበት ብዬ።

«አየህ? አንተው መሰከርክ! ስለዚህ ሆዷ ከፍ ይበል።»

ነገሩ ወዳልፈለግሁበት ሲሄድብኝ ወደ ሴሚያሱ ዞርኩ። ሴሚያሱ 45 ሴንቲሜትር ይረዝማል እንበል። መኪናዋ ከጎማዋ በላይ 5 ሴንቲሜትር ስትነሳ ሴሚያሱ 6 ዲግሪ ገደማ ተጨማሪ ያዘነብላል። ይኼ ሜዳ ላይ ቆማ ሳለች ነው፤ ጎማው ጉድጓድ ላይ ሲንጠለጠል ይብሳል። በጫፉ ያለው ሲቪ ጆይንት በዚያ አንግል ሲዞር የሸፈነው ላስቲክ እጥፋት በእጥፋት እየተፋተገ ይሰነጠቃል። ከዚያ ግሪሱ እየተፈናጠረ ይወጣል፣ በምትኩ አቧራና ጭቃ ይገባል። ጎማ ሲፈታ ቸርኬው ከውስጥ በኩል በጥቁር ግሪስ ተለቅልቆ ያየ ሰው የምለውን ያውቃል። ቀጥሎ አደባባይ ላይ መሪ ሲጠመዘዝ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚለው ድምፅ ይመጣል።

«ይኼን ሁሉ ደግሞ የት ተማርከው? የፍሬን ሸራ ባለቀብህ ቁጥር እኔ ጋ የምትደውል ሰውዬ አልነበርክም እንዴ?»

አላቆምኩም። ስፔሰሩ ከላይ፣ ሾክ አብዞርበሩ ከቦዲው ጋር በሚታሰርበት ቦታ ስለሚገባ ሞላውን አያጠነክርም፤ ሁሉንም ነገር ወደታች ገፍቶ ያስቀምጣል እንጂ። ከኋላ ደግሞ ራቭፎር ላይ ሞላውና ሾክ አብዞርበሩ ለየብቻ ናቸው። ሞላው ላይ ስፔሰር ደርቦ ሾክ አብዞርበሩን በድሮው ርዝመት መተው ማለት ጎማው ትንሽ ወረድ ባለ ቁጥር ሾኩን ተወጥሮ እስኪደርቅ መጎተት ነው። ጎማዎቹም አቋማቸው ስለሚዛባ አላይመንት ካልተሠራ በአንድ ጎን ይበላሉ። የፊት መብራቱም ቀና ይላል። (የጅማ መንገድ ላይ ማታ ከፊት የሚመጣው ሁሉ ረጅሙን አብርቶ ስለሚመጣ ይኼኛውን ማንም እንደ ጥፋት አይቆጥረውም።)

«እሺ፣ የሠሩት ሰዎችስ አያስነሱም? ሱባሩ ራሱ ያስነሳት የለችም?» አለኝ። የሆነ ቦታ አንብቦ ነው የመጣው።

የሚላት አውትባክ ዊልደርነስን ነው። እሷን ባያመጣ ይሻለው ነበር። በ2022 ሞዴል የወጣችው መኪና ከመደበኛዋ አውትባክ የምትበልጠው 2 ሴንቲሜትር ብቻ ነው፤ ከ22 ወደ 24። ለዚያች 2 ሴንቲሜትር ፋብሪካው ሞላና ሾክ አብዞርበር ቀየረ፣ የጭቃ ጎማ አሰረ፣ የዲፍረንሻሉን የጥርስ ምጣኔ ሳይቀር ለወጠ። «እሷን የነደፉት መሐንዲሶች በ2 ሴንቲሜትር ይኼን ያህል ከተጨነቁ፣ አንተ በቶርኖ ቤት ናይለን 5 ሴንቲሜትር ዘለህ ልትገባ ነው?»

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «ናይለን አይደለም፣ አሉሚኒየም ነው» ብሎኝ እርፍ።

የመርሴዲሷንም ነገርኩት። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1997 ቴክኒከንስ ቫርልድ የተባለ የስዊድን መጽሔት አዲሷን ኤ ክላስ፣ አጋዘን በድንገት መንገድ ላይ ሲገባ እንደሚደረገው እጥፍ እጥፍ አድርጎ ሲነዳት ተገለበጠች። ኩባንያው ሽያጭ አቁሞ ሱስፔንሽኗን ቀየረ፣ መንሸራተትን የሚቆጣጠረውን ኢኤስፒ በሁሉም ላይ ገጠመ። ክብደት ወደ ላይ ሲወጣ መዘዙ ይኼ ነው።

«እሷ ስፔሰር ነበራት?»

«አልነበራትም።»

«ታዲያ ሳትነሳም ከተገለበጠች እኔን ምን አገባኝ? ደግሞ እኛ ጋ አጋዘን የለም።»

«አህያ አለ።»

«አህያስ አለ» ብሎ ሳቀ።

እዚህ ላይ ያሸነፍኩ መሰለኝ። ማኪያቶዬን ጨርሼ ወደ ሌላ ጨዋታ ልሻገር ስል ነው ዋናውን ያወጣው።

«አሁን እኔ ልጠይቅህ» አለኝ። «ያ ከመሬት ይኼን ያህል ትርቃለች የሚሉት ቁጥር ባዶዋን ቆማ የተለካ አይደል? እኔ በመስቀል ሳምንት ባዶዋን ሆና አይቻት አላውቅም። ጋቢና አማቴ ናቸው፤ እሳቸውን አንተም ታውቃቸዋለህ። ከኋላ ሚስቴና ሦስቱ ልጆች። ሻንጣው ውስጥ ዘይት በጀሪካን፣ ስኳር በከረጢት፣ ሳሙና በካርቶን፣ ለስላሳ በሳጥን። አምና ተጭና ሳትነሳ በሜትር ለካኋት። የኋላው ፓራፋንጎ 6 ሴንቲሜትር ወርዷል። እንግዲህ ቁጥሩን ያወጡት ሰዎች የት ነው የለኩት?»

ትክክል ነው። የክሮስኦቨር ሞላ የሚመረጠው ብዙውን ጊዜ አንድ ወይ ሁለት ሰው በከተማ እንዲመቸው ታስቦ ነው፤ ለስላሳ ነው፣ ጭነት ሲያይ ቁጭ ይላል። በመጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥርና እምድብር የምትደርሰው መኪና አይተዋወቁም።

«ስፔሰሩ ግን ይኼን አያቆምልህም» አልኩት። «ሞላው ያው ስለሆነ 6 ሴንቲሜትሩን ይወርዳል።»

«ይውረዳ! ከ5 ላይ ተነስቶ 6 ሲወርድ 1 ነው የጎደለብኝ። ሳላስነሳት ሲሆን ግን 6። ይኼ እኮ ሒሳብ ነው፤ ፍልስፍና አይደለም።»

መልስ ፈለግሁ። መልሱ አለ፤ ግን እንዲህ ፈጥኖ የሚነገር አይደለም። ሞላው በጭነት ግማሹን መንገድ ከጨረሰ ለጉድጓድ የተረፈው ግማሹ ነው፤ ጎማው ትንሽ ሲነሳ ማቆሚያው ላስቲክ ላይ ደርሶ ደረቁን ይመታል። ስፔሰሩ ሞላውን ቅንጣት አያጠነክረውም። ስለዚህ መኪናዋ ከሩቅ ስትታይ ከፍ ያለች፣ ጉድጓድ ስትገባ ግን ወገቧ እንደ ድሮው የሚንቋቋ ትሆናለች። የጭነት ችግር መድኃኒቱ ጠንከር ያለ ሞላ ነው።

«ጠንካራ ሞላማ ዓመቱን ሙሉ ብቻዬን ስነዳ ጥርሴን ያራግፈዋል» አለኝ።

እውነቱን ነው። «እንግዲያው ሞላው ውስጥ የሚገባ የላስቲክ ከረጢት አለ። ስትጭን በጎሚስታ አየር ትሞላዋለህ፣ ስታራግፍ ታስተነፍሰዋለህ።»

«የት ይሸጣል?»

ሶማሌ ተራ ይገኝ ይሆናል ልል አሰብኩና ተውኩት፤ ነገ ጠዋት በስልክ ያፋጥጠኛል። ዝምታዬ ገባውና ጣቱን ቀና አድርጎ ነጥቡን ለራሱ መዘገበ።

«ጭነቱን ለምን በሌላ መኪና አትልከውም?»

«የትኛውን ጭነት? አማቴን በቅጥቅጥ ልላካቸው?»

«ስኳሩን።»

«ስኳሩ ሄዶ እኔ ባዶ እጄን እናቴ ደጅ ልቁም? አንተ የመስቀልን ነገር አታውቀውም፣ ተወው።»

ሒሳቤን በሌላ በኩል ሞከርኩ። በዓመት ውስጥ እንዲህ ተጭና የምትሄድባቸው ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በቀሩት ቀናት ቀለበት መንገድ ላይ ናት፣ ለሥራም አዳማ በፈጣኑ መንገድ ትወርዳለች። ለእነዚያ ጥቂት ቀናት ሲባል ዓመቱን ሙሉ ሴሚያሱ አዘንብሎ፣ ኩርባ ላይ እየተንገዳገደች፣ ነፋስ እየገፋት መንዳት አያዋጣም።

«ጥቂት ያልካቸው ቀናት እናቴን የማይባቸው ናቸው» አለኝ፤ ይኼንን ሲል አልሳቀም። እኔም አልመለስኩለትም።

ለማስታረቅ ጎማ አነሳሁ። የእሱ የ2014 ሞዴል 225/65 ባለ 17 ጎማ ነው የምታደርገው። ወደ 235/65 ቢወጣ የጎማው ቁመት 13 ሚሊሜትር ይጨምራል፤ መኪናዋ የምትነሳው የዚያን ግማሽ፣ 6 ሚሊሜትር ተኩል ነው።

«ስድስት ሚሊሜትር! እንጀራ እኮ ከዚያ አይቀጥንም!»

ቁም ነገሩ ቁመቱ ሳይሆን ጥርሱ ነው፤ ጭቃ የሚይዝ ጥርስ ያለው ጎማ አስሮ፣ አንዱን ጎማ ቦዩ ውስጥ ሌላውን ጉብታው ላይ አድርጎ በቀስታ መሄድ ነው። ያችም መኪና አራቱን ጎማ የምታስርበት «ሎክ» የሚል ቁልፍ አላት፤ ግን ፍጥነቷ ከ40 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ራሱ ይለቃል፤ ላንድክሩዘር ያለው «ሎው» የሚሉት ማርሽም የላትም። እና ከስር ጠንካራ ላሜራ ማሰር።

«ላሜራውማ ራሱ ዝቅ ያደርጋታል። ላሜራ ለማሰርም ማስነሳት ሊኖርብኝ ነው» አለ። ሌላ ነጥብ።

የባሰው ግን የሚቀጥለው ነበር። እኔ ላንድክሩዘርን አሥር ጊዜ ስለጠራሁበት ሳይናደድ አልቀረም።

«ያ ጎረቤቴ ሃርድቶፑን ትልቅ ሞላ አስገብቶ ሲያስነሳት የኋላ ዲፍረንሻሉ ከመሬት ስንት ራቀ?»

«እ...»

«ምንም! ዲፍረንሻሉ ከጎማው ጋር አንድ ብረት ነው፤ ከፍ የሚለው ቦዲው ነው። ዲፍረንሻሉን የሚያነሳው ትልቅ ጎማ ብቻ ነው። የኔዋ ግን ዲፍረንሻሏ ከቦዲው ጋር ስለታሰረ ቦዲው ሲነሳ አብሮ ይነሳል። እንግዲህ ስፔሰር በይበልጥ የሚጠቅመው ለማነው?»

ልክ ነው። እንዲያውም ሴሚያሱ የሚያዘነብለው ለዚሁ ነው፤ ዲፍረንሻሉ ወደ ላይ ሲሸሽ ጎማው ከታች ስለሚቀር። ይኼን ስነግረው ግን ድሉ ጥሞት አይሰማኝም ነበር።

«በዚያ ላይ» አለኝ፣ «እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ የቤንዚን መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል። ይቺ መኪና ከኔ ጋር የምታረጅ ናት። ሆዷን መጠበቅ ግዴታዬ ነው።»

«ሴሚያሷንስ? የምታረጅ ከሆነች እኮ ሴሚያስ ነው የሚያስፈልጋት። ከፋብሪካው የወጣውን ሴሚያስ አበላሽተህ ዓይነቱ የማይታወቅ ልትገዛላት ነው?»

እዚህ ላይ ቆም አለ። ዋጋ ሲቀንስ የሚያደርገውን የነጋዴ ፊት አደረገ።

«ሁለት ተኩልስ ቢሆን?»

2 ሴንቲሜትር ተኩል ከሆነ አንግሉ በግማሽ ይቀንሳል፤ አላይመንቱም በቀላሉ ይመለሳል። ልክድ አልችልም። «ሁለት፤ ከኋላ ረዘም ካለ ሾክ አብዞርበር ጋር፤ አላይመንቱ በዚያው ቀን» አልኩት።

«ሁለት ተኩል፤ ሾኩን ለገና።»

«ሾኩ ከሌለ አንድም አልፈቅድም።»

«አንተ ማነህ የምትፈቅደው? ያንተዋ ቪትዝ ራሷ ስፔሰር አላት!»

«እኔ አላስገባሁትም። ከነስፔሰሩ ነው የገዛኋት።»

«አስወጣኸው?»

አስተናጋጇን ሒሳብ ጠየቅኋት። እሱ ግን ገና አልጨረሰም።

«ለማንኛውም ዘንድሮ አብረኸን ትሄዳለህ፤ እናቴ ክትፎውን ካልበላ አላምነውም ብላሃለች። ታናሿን ልጅ አማቴ ታቅፈው አንተ ከኋላ ትጠጋጋለህ።»

«እመጣለኋ!»

ከላይ እስከ ታች አየኝ፤ በተለይ ወገቤ ላይ ቆየት አለ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ቶርኖ ቤት ደወለ።

«ሄሎ፣ ያቺን ያልኩህን አምስት... አዎ፣ እሷን። ሰባት ማድረግ ይቻላል?»