ያለ ሰማንያ የኖረች ሴት ባዶ እጇን አትሂድ!

በየመንደራችን ወንድና ሴት ሰማንያ ሳይፈራረሙ ጎጆ ቀልሰው፣ አብረው አርሰውና አርመው፣ ልጅ ወልደው ዓመታት ይኖራሉ። ተስማምተው ሳሉ «ውላችሁ የታለ?» የሚላቸው የለም። የተጣሉ ዕለት ግን «እሷ እኮ ሚስቴ አይደለችም» ይባላል። በሬው የሱ፣ እህሉ የሱ፣ ቤቱም የሱ ይሆንና ሴቲቱ ልጇን አዝላ ወደ ወላጆቿ ትመለሳለች። ይህ ፍርድ ነውን? አይደለም!

ቀድሞ ሕጉም አያግዛትም ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ያለ ጋብቻ አብረው ለሚኖሩ የጋራ ሀብት አልፈቀደም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ግን ይህን ለወጠ። ይኸውም ወንድና ሴት እንደ ባልና ሚስት ሆነው ከ3 ዓመት ላላነሰ ጊዜ አብረው ከኖሩ፣ በዚያ ጊዜ ያፈሩት ሀብት የጋራቸው ነው፤ ሲለያዩም ይካፈሉታል ማለት ነው። ከመገናኘታቸው በፊት የነበረው፣ እንዲሁም ለአንዱ ብቻ በውርስ ወይም በስጦታ የመጣው ግን የባለቤቱ ነው።

«ያረስኩት እኔ፣ በሬውን የገዛሁት እኔ» የሚል አይጠፋም። እንግዲህ እንጠይቀው፦ አረሙን ማን ነቀለ? ውሃውን ማን ቀዳ? እርሻ ድረስ እንጀራውን ማን አደረሰልህ? ያለ እሷ ጉልበት ጎተራው አይሞላም ነበር።

ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ አልፎ አልፎ መገናኘት ብቻ በቂ አይደለም፤ ኑሯቸው የባልና ሚስት ኑሮ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ በአገር ባህል ወይም በሃይማኖት ሥርዓት የተጋቡ ሰዎች ወረቀት ባይኖራቸውም ባልና ሚስት ናቸው፤ «ሰማንያ የለሽም» ተብለው አይታለሉ። ሦስተኛ፣ ያለ ጋብቻ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው እኩል መብት አለው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ይህን ደንግጓል። አባት ከእናቲቱ ቢለይም ልጁን ከማሳደግ ግዴታው አይለይም።

ታዲያ ምን ይደረግ? አብሮ መኖራችሁን የሚያውቁ ጎረቤቶችና ዘመዶች ምስክር ናቸውና ስማቸውን ያዙ። ከብት ሲገዛ፣ ቤት ሲሠራ ቀኑን ጻፉ፤ ደረሰኙን አስቀምጡ። የመሬት ነገር በክልሉ የገጠር መሬት ሕግ ስለሚታይ፣ የይዞታ ደብተር ሲመጣ የማን ስም እንደተጻፈ ገልጣችሁ አንብቡ። እህቴ ሆይ! ያላነበብሽው ወረቀት ላይ አትፈርሚ፤ ጣትሽንም አታሳርፊ። ፊደል መቁጠር ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው።

ሽማግሌዎችም አስቡበት። ማስታረቅ የቆየ ደግ ልማዳችን ነው፤ የሴትን ላብ ለወንድ መርቆ መስጠት ግን እርቅ አይባልም። እርቁ ካልሆነ ጉዳዩ ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ይሂድ። አዋጅ 213 በቀጥታ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ አማራና ኦሮሚያን የመሳሰሉ ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። ዝርዝሩ ሊለያይ ስለሚችል የክልላችሁን ጠይቁ፤ ያነበበ ላላነበበው ያሰማ።

በጋራ ላብ የተገኘ ሀብት የጋራ ነው!