የአባልነቱ መዋጮ እንቆቅልሽ ይሁን

በዚህ ዓመት በትምህርት ቤታችን የኮምፒዩተር ክበብ ውስጥ አንድ ክርክር ተነሥቶ እስከ ዛሬ አልበረደም። የክበቡ አባሎች እንቆቅልሽ፥ የቃላትና የቍጥር ጨዋታ፥ እንዲሁም ለትምህርት የሚረዳ ልዩ ልዩ ውድድር የሚገኝበት ድረ ገጽ ለማቋቋም አስበዋል። በሐሳቡ ሁላችንም ተስማምተናል። ያልተስማማነው አባል ለመሆን ምን ይከፈል በሚለው ላይ ነው። አንዳንድ ጓደኞቼ በየወሩ ጥቂት ብር በቴሌብር ይሰብሰብ፥ ከተሰበሰበውም ላይ ለአሸናፊው ሽልማት ይሰጥ ይላሉ። እኔ በበኩሌ ይህን አልደግፍም። ምክንያቴንም ለጓደኞቼ፥ ለመምህራኖቻችን፥ እንዲሁም ልጆቻቸው ስልክ ላይ አፍጠው ሲያመሹ እያዩ ለሚጨነቁ ወላጆች ለመግለጽ ይህን ጽሑፍ አቀርባለሁ።

ለእንዲህ ያለው ማኅበር እኛ አዲስ አይደለንም። ማታ እሳት ዳር «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ብሎ የመለሰ ሁሉ አባል ነው። ጠያቂው ነገሩን ይናገራል፤ ተጠያቂው ያስባል፤ ካቃተው «አገር ስጠኝ» ይባላል። እርሱም ጋይንትን ወይም ጎንደርን ከነግንቡ ይሰጣል። ተቀባዩ በተሰጠው አገር ላይ ነግሦ ጥቂት ከፎከረና ባላጋራውን ካሽሟጠጠ በኋላ መልሱን ይነግረዋል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ያላወቀ ሰው መክፈሉ አልቀረም፤ ነገር ግን የሚከፍለው ከኪሱ አይደለም። ደግሞም መልሱን ሳይሰማ የሚተኛ የለም። አያቴ ደብረ ታቦርን ስንት ጊዜ እንደ ሰጡኝ ቍጥሩን አላውቀውም፤ ከተማዋ ግን እስካሁን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

ባለፈው ዓመት ወደ አንድ የውጭ አገር የጨዋታ ድረ ገጽ ገብቼ ነበር። ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም። ሦስት ጊዜ በነጻ ካጫወተኝ በኋላ በሩን ዘጋብኝና ለመቀጠል በዶላር የሚከፍል የባንክ ካርድ ጠየቀኝ። እኔ እንዲህ ያለ ካርድ የለኝም፤ አባቴም የላቸውም። ጨዋታው ስለ ቀረብኝ ብዙም አላዘንሁም፤ ያስቈጨኝ የሦስተኛው ጥያቄ መልስ ከበሩ ወዲያ መቅረቱ ነው። እስከ ዛሬም አላወቅሁትም።

በዓለም ላይ ያሉት የጨዋታ ድረ ገጾች ሁሉ ግን እንዲህ አይደሉም። ቲቦ ዱፕሌሲ የተባለ ፈረንሳዊ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ያቋቋመው ሊቼስ የሚባል የቼዝ ድረ ገጽ አለ (ቼዝ አባቶቻችን ሰንጠረዥ ይሉት የነበረው ጨዋታ ዘመድ ነው)። ይህ ድረ ገጽ ለማንም ሰው በነጻ ክፍት ነው፤ ማስታወቂያም የለበትም። ወጪውን የሚሸፍኑት ወደው የሚሰጡ ተጫዋቾች ሲሆኑ፥ ገንዘቡ ለምን ለምን እንደሚውል ለሁሉ በግልጽ ይታያል። ዎርድልንም ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ጆሽ ዋርድል የተባለ ሰው የቃላት ጨዋታ ለምትወድ የትዳር ጓደኛው ብሎ ሠራው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2021 ኅዳር ወር መጀመሪያ ላይ የሚጫወቱት 90 ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ከሁለት ወር በኋላ ከ300,000 በላይ ሆኑ። በጥር 2022 የኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ገዛው። እኔን ያስደነቀኝ የቍጥሩ መብዛት ሳይሆን ጨዋታው በቀን አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑ ነው። የዕለቱን ቃል ያገኘ ሰው ስልኩን ዘግቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። የእኛም ድረ ገጽ በቀን ከሁለት ጥያቄ በላይ ባያቀርብ ደስ ይለኛል፤ ወላጆችም የሚጸልዩት ለዚህ ይመስለኛል።

ዎርድልን ወደ አማርኛ እንመልስ ብለን ስንነሣ ነው ነገሩ የጣፈጠው። ሕጉ ቀላል ነው፤ አምስት ፊደል ያለው አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ተደብቆ ተጫዋቹ በስድስት ሙከራ ይፈልገዋል። ፊደሉም ቦታውም ልክ ከሆነ አረንጓዴ፥ ፊደሉ ኖሮ ቦታው ከተሳሳተ ቢጫ፥ ጭራሹን ከሌለ ግራጫ ይሆናል። ነገር ግን እንግሊዝኛ 26 ፊደል ብቻ ሲኖረው የእኛ ከሀ እስከ ፐ 33ቱ ቤት በ7 ሲባዛ፥ ዲቃሎቹ ሳይቈጠሩ፥ 231 ይሆናል። የተደበቀው ቃል «ቡና» ነው እንበል። አንዱ «በግ» ብሎ ቢሞክር «በ» ተሳስታለች ወይስ አልተሳሳተችም? ልጁ ቤቱን አግኝቷል፤ ጓዳውን ግን ስቷል። ስለዚህ ቤቱ ልክ ሆኖ ድምፁ ለተሳሳተ ፊደል ሰማያዊ ቀለም ይጨመር ተባለ።

ኮምፒዩተሩ «ቡ» እና «በ» የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን በምን ያውቃል? ፊደላችን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ዩኒኮድ ወደሚባለው የዓለም የፊደል መዝገብ ሲገባ ለእያንዳንዱ ቤት ስምንት ተከታታይ የቍጥር ቦታ ተመድቦለታል። «በ» 4704 ናት፤ «ቡ» 4705፤ «ቢ» 4706። ቍጥሩ ለ8 ሲካፈል 588 ከደረሰ የ«በ» ቤት ነው፤ ቀሪው 0 ከሆነ ግእዝ፥ 1 ከሆነ ካዕብ፥ 2 ከሆነ ሣልስ ነው። የሒሳብ መምህራችን ስለ ማካፈልና ስለ ቀሪ ሲያስተምሩ «ይህ ደግሞ ለምን ይጠቅማል?» እያልን ያጕረመረምን ሁሉ ያን ዕለት ዝም አልን።

ከዚህ በኋላ የመጣው ጠብ ደግሞ የባሰ ነበር። መልሱ «ፀሐይ» ቢሆንና አባሉ «ጸሀይ» ብሎ ቢጽፍ አገኘ ይባላል? ክበቡ ለሁለት ተከፈለ። በእኔ አስተያየት አባሉ ነጥቡን ያግኝ፤ መልሱ ሲገለጥ ግን ትክክለኛው አጻጻፍ ጎልቶ ይታየው። እንዲህ ከሆነ ሳይሸማቀቅ ይማራል። የአማርኛ መምህራችን በዚህ እንደማይስማሙ ዐውቃለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ወደ ገንዘቡ ነገር ልመለስ። ከብዙ ልጆች ብር አዋጥቶ አንዱ ጠቅልሎ የሚወስድበት ጨዋታ ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። የስፖርት ውርርድ በአገራችን ከተሞች ስንቱን ወጣት ከደብተሩ እንደ ለየው ያየ ሰው፥ በትምህርት ቤት ስም የትንሽ ውርርድ ቤት በር እንዲከፈት አይፈቅድም። ጓደኞቼ «የእኛ ዕውቀት እንጂ ዕድል አይደለም» ይሉኛል። እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ገንዘብ ከገባበት በኋላ መልስ መሸጥ፥ በሌላ ሰው ስም መግባት፥ የተሸነፈውን ብር ለማስመለስ እንደገና መጫወት ይከተላል።

ከዚህም በላይ የሚያሳስበኝ ብሩ ማንን ከደጅ እንደሚያስቀር ነው። በክፍላችን ከጉና ግርጌ ከገጠር መጥተው በከተማው ጠባብ ክፍል ተከራይተው የሚማሩ ጓደኞች አሉን። ቅዳሜ ወደ ቤታቸው ሄደው እሑድ ማታ የሳምንት ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። ከእነዚህ አንዱ በክበቡ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ «እናት ከላይ ስትጠወልግ፥ ልጆች ከታች ይወፍራሉ» ብሎ ጠየቀን። ከተማ ተወልደን ያደግነው ስናስብ ቆየን። አንዷ የአንድ ቤተሰብ አሳዛኝ ታሪክ መስሏት ልታለቅስ ምንም አልቀራት። በመጨረሻ ስማዳንና እብናትን ሰጥተን መልሱን ተቀበልን፤ ድንች ነው። ቅጠሉ ከላይ ሲደርቅ ፍሬው ከአፈር ውስጥ ይወፍራል። ይህን ልጅ በወር መዋጮ አሳብበን ብናስቀረው የሚጐዳው እርሱ ነውን? እኛ ነን እንጂ።

ስለዚህ የአባልነቱ መዋጮ በወር አንድ አዲስ እንቆቅልሽ ከነመልሱ ይሁን የሚል ሐሳብ አቀርባለሁ። የቃላት ሠንጠረዥም፥ የሒሳብ ጥያቄም፥ ሰምና ወርቅ ያለው ንግግርም ሊሆን ይችላል፤ ብቻ ከሌላ የተቀዳ አይሁን። 60 አባል ቢኖረን በየቀኑ ሁለት ጥያቄ እናገኛለን ማለት ነው። አንድ መምህርና ሁለት ተማሪዎች ከመውጣቱ በፊት ይመርምሩት፤ ሁለት መልስ ያለው ጥያቄ አባሎችን እንደሚያጣላ ከወዲሁ ዐይተናል። መልሱም በማግስቱ ለሁሉ ይገለጥ። ጥያቄ መሥራት ጥያቄ ከመመለስ ምን ያኽል እንደሚከብድ የሞከረ ያውቀዋል። እኔ ስለ ፎቶሲንተሲስ አንድ ጥያቄ ለመሥራት ስል ምዕራፉን ሦስት ጊዜ አንብቤአለሁ፤ ለፈተና ያነበብሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር።

ይህ ዐይነቱ ሥርዓት ለአገራችን ባዕድ አይደለም። በእኛው በጋይንት ቤተ ልሔም የድጓ፥ ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ሆነው ከሩቅ አገር ተማሪ ሲሰበስቡ ኖረዋል። የቆሎ ተማሪው ቁራሽ ለምኖ ይማራል እንጂ ለመምህሩ የወር ክፍያ አይከፍልም። ቅኔ ቤት የገባውም ቢሆን የሌላውን ሲሰማ ብቻ አይኖርም፤ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ ይታረማልም።

ገበጣም በድረ ገጹ ውስጥ ቦታ ሊሰጠው ይገባል። እረኞች መሬት ምሰው በጠጠር የሚጫወቱት ይህ ጨዋታ ሁለት ረድፍ ያለውም ሦስት ረድፍ ያለውም ሲሆን ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። ሪቻርድ ፓንክረስት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ያሉትን ከአንድ መቶ በላይ ዐይነቶች ዘርዝረዋል። አዲስ አበባ የተቋቋመው ቅኔ የተባለ ኩባንያ ኩኩሉ ከሚባለው የዶሮ ሩጫ ጨዋታው ሌላ ገበጣንም ለስልክ አዘጋጅቶታል፤ የሚመሰገን ሥራ ነው። ነገር ግን ድረ ገጻችን የአንዱን ሰፈር ሕግ ብቻ ቢያስገባ የሌላው ይረሳል። የእስቴው ልጅ የእስቴን፥ የፎገራው የፎገራን ሕግ ጽፎ ቢያመጣ ይህም መዋጮ ይቈጠርለት።

አንዳንድ ወላጆች «ልጆቹ ፈተና ላይ እየወደቁ ጨዋታ ምን ያደርጋል?» ሊሉ ይችላሉ። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 5.4 ብቻ ነበሩ። እንቆቅልሽ ይህን ያድናል ብዬ አልዋሽም። ሆኖም በዚያው ዓመት ፈተናው በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል፤ ማውዝ ጨብጦ የማያውቅ ተማሪ ደግሞ ገና ጥያቄውን ሳያነብ እጁ ይንቀጠቀጣል። ይህን መልመድ የምንችልበት ስፍራ ያስፈልገናል።

ወጪ የለም ማለት አይደለም። ለድረ ገጹ ስምና ለማስቀመጫው ስፍራ በየዓመቱ ኪራይ ይከፈላል። ይህን የወላጆች ቀን ሲከበር ከሚችሉ ሰዎች በፈቃድ ብንሰበስብና የወጣውን ሒሳብ በሠሌዳ ብንለጥፍ ይበቃል። ከአባሎችም ስምና ክፍል ብቻ ይጠየቅ፤ ፎቶግራፍና የወላጅ ስልክ ምን ሊያደርግልን ነው? በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321ም ለዚህ ነገር እንድንጠነቀቅ ያስገድደናል።

አንድ ነገር ይቀረኛል፤ ለእኔም ከሁሉ የሚከብደው ይኸው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር፥ በግጭቱም ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው እንደ ቆዩ አንረሳውም። ድረ ገጽ መብራትና መረብ ሲጠፋ ይጠፋል። ስለዚህ የሳምንቱ ጥያቄዎች በአንድ ወረቀት ታትመው ዓርብ ዓርብ ከማስታወቂያ ሠሌዳው ላይ ይለጠፉ። ወደ ገጠር የሚሄዱት ጓደኞቻችንም ጥቂት ቅጂ ይዘው ይሂዱ፤ ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት ታናሽ ወንድም ወይም እኅት እዚያ አለ። በወረቀት የመለሰም፥ በወረቀት ጥያቄ የላከም ስልክ ካለው ጋር እኩል አባል ይሁን። ክበቡ ይህን ካልተቀበለ በድረ ገጹ ሥራ ለመርዳት ልቤ አይነሣም፤ ለሊቀ መንበሩም ነግሬአቸዋለሁ።

የእኔን መዋጮ አሁኑኑ እከፍላለሁ። እንቆቅልሽ! አፍ የለው፥ እግሩ አይራመድ፤ ተራራ ላይ ቆሞ ደጋውን ከቆላው ያነጋግራል። ያላወቀ አገር ይስጠኝ። ደብረ ታቦርን ግን አልቀበልም፤ እርሷን አያቴ ሰጥተውኛል። መልሱ በዚህ መጽሔት የመጨረሻ ገጽ ግርጌ ታትሟል።