ልጅዎ የጨረቃ ጉዞ ልብ ወለድ ሲያነብ

አንዳንድ ወላጆች በአሥራዎቹ ዕድሜ የሚገኝ ልጃቸው የሳይንስ ልብ ወለድ ይዞ ሲያገኙት «ውሸት ምን ይሠራልሃል? ትምህርትህን አጥና!» ብለው መጽሐፉን ይቀሙታል። በመቀሌ ግን በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የተቋረጠው ትምህርት በጦርነቱ ሳቢያ ለዓመታት ተስተጓጉሏል። ያን ያህል ጊዜ ከደብተር የራቀ ልጅ በገዛ ፈቃዱ መጽሐፍ ሲያነሳ መንጠቁ ሊታሰብበት ይገባል።

ፈረንሳዊው ዡል ቬርን እ.ኤ.አ. በ1865 ሰዎች ከፍሎሪዳ ወደ ጨረቃ ሲወነጨፉ የሚተርክ ልብ ወለድ አሳተመ። ከ104 ዓመት በኋላ፣ በ1969፣ አፖሎ 11 የተነሳችው ከዚያው ከፍሎሪዳ ነው። ይሁንና ቬርን ተጓዦቹን የላካቸው በመድፍ ነበር፤ በእውን ቢሆን ግፊቱ በቅጽበት በገደላቸው። ልጅዎን «ለምን?» ብለው ይጠይቁት፤ የፊዚክስ ትምህርት እዚያው ይጀመራል።

ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአንደሉሱ ሐኪም ኢብን ጡፈይል፣ በደሴት ላይ ብቻውን ያደገ ልጅ ተፈጥሮን እየመረመረ ፈጣሪውን ወደ ማወቅ ሲደርስ የሚያሳይ ታሪክ ጽፏል።

ለጀብዱም ሩቅ አገር መሄድ አያሻም። አሞሌ ጨው በግመል ወደ መቀሌ ሲመጣበት የኖረው የአፋር ዝቅተኛ ምድር ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ይዘቅጣል፤ የዳሎልን ፍል ውሃ ተመራማሪዎች ማርስን ለመረዳት ጭምር ያጠኑታል።

እናም ወላጆች ሆይ! መጽሐፉን ከመቀማት አብሮ ማንበብና «የቱ እውነት፣ የቱ ፈጠራ ነው?» እያሉ መወያየት ይበጃል። የዳሎልን ጀብዱ ነገ የሚጽፈው ያ ልጅ ይሆናል፣ ኢንሻአላህ።