«ነገር ግን»ን የቆረጠ ቪዲዮ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤት እኅቶችና ወንድሞች፣ የ1 ሰዓት ስብከትን አሳጥሮ በቲክቶክና በዩቲዩብ መልቀቅ መልካም አገልግሎት ነው። አባቶቻችንም ማሳጠርን ያውቁበታል፤ ሰፊው ገድል በስንክሳር በጥቂት አንቀጽ ሲነበብ መነሻና መድረሻው አይጎድልም።

ችግሩ የሚቆረጥበት ቦታ ነው። መምህሩ የተቃዋሚውን ሐሳብ ያስቀድምና ከዚያ መልስ ይሰጥበታል። ቪዲዮ አቀናባሪው ግን ተመልካች እንዳያልፈው ሲል የሚያስደነግጠውን ብቻ ያስቀራል፤ «ነገር ግን» ከሚለው ጀምሮ ያለው ተቆርጦ ይወድቃል። ዲያብሎስም በማቴ. 4፥6 መዝሙር 90ን የጠቀሰው እንዲሁ ነበር፤ ስለ መንገድ የሚናገረውን ቃል ዘለለ፤ እባብን ስለ መርገጥ የሚናገረው ቁጥር ላይ ሳይደርስም አቆመ።

እኛ ደግሞ በጭሮ፣ በሂርና፣ በገለምሶና በበዴሳ ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋር ግድግዳ ተጋርተን እንኖራለን። ግማሽ ዓረፍተ ነገር ስድብ መስሎ በስልካቸው ቢደርስ ቀሪው 59 ደቂቃ አይከተለውም። ፊት የሚነሡትም አቀናባሪው ሳይሆን ገበያ የወረዱ እናቶቻችን ናቸው።

ስለዚህ ቁራጩን ከመልቀቃችሁ በፊት ስብከቱን ላልሰማ ሰው አሳዩት፤ መምህሩ ምን እንዳለም ጠይቁት። የተረዳው ሌላ ከሆነ መልሱን ጨምሩበት፤ ዩቲዩብ ከጥቅምት 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለአጫጭር ቪዲዮዎች እስከ 3 ደቂቃ ይፈቅዳል። የሙሉውን ስብከት ማስፈንጠሪያም ከሥሩ አኑሩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር