ልቦለድ ውሸት ነው ያለው ማነው?

“ክርስቲያን ሆናችሁ ልቦለድ ትጽፋላችሁ?” የምትለዋ ጥያቄ ሰልችታናለች። ስሌቷ አጭር ነው፦ ያልሆነውን ሆነ ማለት ውሸት ነው፣ ውሸት ደግሞ ኃጢአት ነው። በየጉባኤው ሰምተን ዝም ስንል የተስማማን መሰለ። አልተስማማንም።

እስቲ መጽሐፍ ቅዱሱን እንግለጠው። ዳዊት ኦርዮን አስገድሎ ሚስቱን ሲወስድ፣ ነቢዩ ናታን የሕግ አንቀጽ ይዞ አልሄደበትም፤ የአንድ ድሃና የአንዲት በጉን ታሪክ ይዞ ሄደ። በጓም የለችም፣ በጓን የነጠቀው ሀብታምም የለም። ንጉሡ ግን በሌለው ሰው ላይ ተቆጥቶ ፈረደ፤ ፍርዱም ዞሮ ራሱ ላይ አረፈ። ጌታም ስለ ደጉ ሳምራዊ ሲናገር ሰውዬው የየትኛው ቀበሌ ነዋሪ እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም።

ውሸት የሚሆነው ሰውን ለማታለል የተነገረ ሲሆን ነው። ልቦለድ ግን ማንነቱን ሽፋኑ ላይ ጽፎ ይመጣል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ያሳተሙት የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ ርእሱ ራሱ “ልብ ወለድ ታሪክ” ነበር። ከዚህ በላይ ምን ግልጽነት አለ?

ውሸት ከፈለጋችሁስ መድረኩን ፈትሹ። ከኢንተርኔት የተቀዳ ታሪክ የሰውና የአገር ስም እየተቀየረለት “እውነተኛ ምስክርነት” ተብሎ ሲነገር እልል ይባላል። ልብ የወለደው እሱም ነው፤ ልዩነቱ ስሙን መደበቁ ብቻ ነው።

ጉዳቱ ደግሞ ቀላል አይደለም። መጻፍ የሚችሉ ልጆች ደብተራቸውን ፍራሽ ሥር ይደብቃሉ። የሚደፍሩትም ሰካራሙን በ10ኛው ገጽ ንስሐ ያስገቡና ይገላገላሉ። የቤተ ክህነት ትምህርት ያሳደጋቸው ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. “ፍቅር እስከ መቃብር”ን ሲያወጡ በዛብህን በወላጆቹ ስለትና በፍቅሩ መካከል አቆሙት እንጂ መንገዱን አላቀለሉለትም። ስለዚህ ነው ዛሬም የምናነበው።

ቅኔን ያህል ነገር የወረስን ሰዎች ይሄ እንዴት ይጠፋናል? ሰሙን “ውሸት ነው” ብሎ የጣለ፣ ወርቁን በምን ሊያፈስ ነው?

ስለዚህ ጥያቄውን ቀይሩልን። “ይህ ነገር ሆኗል ወይ?” ማለቱን ለምስክርነቱ አድርጉት። ልቦለዳችንን “ስለ ሰው ልብ እውነቱን ተናግሯል ወይ?” ብላችሁ ጠይቁት። በዚህ ከወደቅን ውቀሱን፤ ያኔ አንከራከርም።